«ሄደ» እና «ቆመ»

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ በግራ «ሄደ»፣ በቀኝ «ቆመ»። ከጅማ የሚነሳው ቡናችን ገዢው ወደብ እስኪደርስ ስንት ቀን ተጓዘ፣ ስንት ቀን ቆመ፣ እሱን ነው የምጽፍበት። ይኸው ሁሉ ኮምፒውተር ላይም አለ። አለቃዬ «አንቺ ይሄን ደብተር መቼ ነው የምትጥይው?» እያለ ይስቅብኛል። አልጥለውም።

ነገሩን ያስጀመረኝ አባቴ ነው። ከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ፊያቱን ከነተሳቢው ይዞ ከጅማ ቡና ይጭንና አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ። ልጅ ሳለሁ አሰብ ወደብ መሆኑን አላውቅም፤ አባቶች የሚጠፉበት አገር ይመስለኝ ነበር። ሲመለስ እናቴ እግሩን እያጠበችው «መንገዱ እንዴት ነበር?» ትለዋለች። «መንገዱማ ምን አለው፤ ቆመን ነው እንጂ የከረምነው» ይላል። መኪናው ስር ምንጣፍ አንጥፈው፣ ረዳቱ ሻይ እያፈላ፣ ተራ ጥበቃ። አንዴ አሥራ አንድ ቀን ቆሟል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ ጠይቁት፣ ረስቶታል። አሥራ አንዱን ቀን ግን ዛሬም ከነሰዓቱ ይቆጥርላችኋል።

ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ የሰነድ ሥራ የያዝኩ ጊዜ የመጀመሪያ ምክሩ «የሄደበትን ተይው፤ የቆመበትን ቁጠሪ» የሚል ነበር። ደብተሩ በዚያው ተጀመረ።

ቡናው ከጅማ ዙሪያ፣ ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ፣ ከጌራ ጀንፈል ሆኖ ይገባል። ተፈልፍሎ በጆንያ ሆኖ በመኪና ይነሳል። ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ የጊቤ ድልድይ፣ ሽቅብ ወልቂጤ። እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ በመጨረሻ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል። ኮንቴይነር በሚጫንበት ቀን እኔም እወጣለሁ።

ባዶዋ ኮንቴይነር ስትመጣ መጀመሪያ ውስጧ እገባና በሩን ከውጭ ዝጉብኝ እላለሁ። ጫኝና አውራጆቹ አሁን ለምደውኛል፤ መጀመሪያ ሰሞን «ልጅቷ ልትታፈን ነው» ብለው ይሳቀቁ ነበር። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ጣራና ግድግዳውን አያለሁ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች ውሃም ይገባል ማለት ነው፤ ኮንቴይነሯ ትመለሳለች። ከዚያ አሸታለሁ። ቀድሞ ቆዳ ወይም ኬሚካል ጭና ከነበረ ሽታው ወለሉ እንጨት ውስጥ ይቀራል፣ ቡና ደግሞ ሽታ ሲስብ ጨው ውሃ እንደሚስበው ነው። አንዴ ነጭ ሽንኩርት የሸተተችኝን መልሼ ሹፌሩ ተቀይሞኛል። «እኔ እኮ የሽሮ ሽታ ይሻላል ብዬ ነው ያመጣኋት» አለኝ።

ካለፈች ግድግዳዋ በወፍራም ቡኒ ወረቀት ይለበሳል፣ እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች ይንጠለጠላሉ። ከዚያ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ 320 ጆንያ። 19,200 ኪሎ ነው። በኛ በጅማ ሰው ሒሳብ ብትሉኝ 1,129 ፈረሱላ። በሩ ሲዘጋ ማሸጊያው ይገባል፣ ቁጥሩን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ በኋላ ጅዳ ያለው ገዢ እስኪቆርጠው ማንም አይነካውም። ማለቴ፣ መንካት የለበትም።

ወረቀቱና ከረጢቶቹ ለምን? ቡና እኛ ደረቅ ብንለውም ከመቶ አሥር አሥራ አንድ እጁ ውሃ ነው። ብረት ሣጥን ውስጥ ዘግታችሁ ጅቡቲ ፀሐይ ላይ ስታቆሙት ያ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ሌሊት ጣራው ሲበርድ እንፋሎቱ እዚያው ጠል ይሆንና ተመልሶ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ሰማይ ላይ ደመና ሳይኖር ኮንቴይነሩ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ቡናን የሚጎዳው የባሕሩ ጉዞ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይበልጥ የሚጎዳው አንድ ቦታ መቆሙ ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ ልሂድ። ውሃ ማለት ለኔ ጅማ ያለው ቦዬ ነበር፤ ከሰፋ ደግሞ አሰንዳቦ አካባቢ ከመኪና መስኮት የሚታየው የግልገል ጊቤ ግድብ። ጅቡቲ የሄድኩት አንድ ጊዜ ነው፣ ለሥራ። ከባሕሩ ይልቅ የገረመኝ ክሬኑ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ስምንት ሰው ተሸክሞ የሞላትን የኔን ኮንቴይነር አንጠልጥሎ መርከብ ላይ ሲያስቀምጣት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወደብ ላይ ሰነዱን የሚያስጨርስልን ትራንዚተራችን «ምነው፣ ቻው ልትያት ነበር እንዴ?» አለኝ።

ያነሳት መርከብ ትልቁ ዓይነት አልነበረም። ዛሬ ከ20,000 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚጭኑ መርከቦች አሉ፤ እነዚህ ግን በየወደቡ አይቆሙም። ጥቂት ትልልቅ ወደቦችን ይመርጣሉ፣ በኛ አካባቢ እንደ ጅዳና እንደ ኦማኗ ሳላላ ያሉትን። በነዚያና በትንንሾቹ ወደቦች መካከል የሚመላለሱት ትንንሽ መርከቦች ናቸው፤ በሥራው ላይ ያለን ሰዎች ፊደር እንላቸዋለን። ለእናቴ ያስረዳኋት በባጃጅ ነው። ትልቁ መርከብ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው፤ መናኸሪያ ድረስ እንጂ ቤትሽ አያደርስሽም። ፊደሩ ባጃጅ ነው። ባጃጁ ከቀረ አውቶቡሱ ስንት ቢፈጥን ምን ይጠቅማል፣ መናኸሪያ ማደር ነው።

የእኛ ደንበኞች አብዛኞቹ ሳዑዲ ናቸው፤ ስለዚህ ለኛ ያ ባጃጅ ራሱ ሙሉ ጉዞው ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ፣ የቀይ ባሕርን ጠባብ በር ባብ ኤል ማንደብን አልፎ፣ የመንን በስተቀኝ እየተወ ጅዳ። ካልተስተጓጎለ ሁለት ቀን ተኩል፣ ሦስት ቀን። መኪናው ከጅማ ጅቡቲ ለመድረስ ከሚፈጅበት ያንሳል። ደብተሬ ላይ «ሄደ» የሚለው ዓምድ ገጽ በገጽ ይመሳሰላል። የሚለያየው የቀኙ ነው።

የመጀመሪያው ክፉ ገጽ የጥር 2016 ነው። ከዚያ በፊት በኅዳር፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2023፣ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መኪና ጫኝ መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት። ቪዲዮው በቴሌግራም ሲዞር ቢሮ ውስጥ እንደ ፊልም ነው ያየነው። ለኛ ይተርፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዚያ ጥቃቱ ሲደጋገም ትልልቆቹ የመርከብ መስመሮች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሩ። ለአውሮፓ ሸቀጥ ይሄ መንገዱ ረዘመ ማለት ነው። ከጅቡቲ ጅዳ ለሚሄድ ግን የሚዞርበት ሌላ መንገድ የለም። አፍሪካን ዞሮ ማን ጎረቤቱ ይሄዳል? ወይ በጠባቡ በር ማለፍ፣ ወይ መቆም ነው። የጦርነት ኢንሹራንስ ወጣ፣ መርከቦቹ ጊዜያቸውን ሳቱ፣ ሁሉም ጭነት የቀሩት ጥቂት ፊደሮች ላይ ተሻማ።

ኮንቴይነሯ በሦስት ቀን ጅቡቲ ገባች። ቦታ ተይዟል ተብለን ነበር፤ የመርከቡን ወኪል ስም አልጠራም፣ እሱም ያውቀዋል። መርከቡ መጣ፣ ሄደ፣ የኛ አልተጫነችም። «በሚቀጥለው።» የሚቀጥለውም መጣ። «በሚቀጥለው።» ሦስተኛው ላይ ስልክ ማንሳት አቆመ። ደብተሩ ላይ በየቀኑ አንድ ሰረዝ እያሰመርኩ 26 ደረስኩ። ጅዳ ስትከፈት የላይኛው ሁለት ረድፍ ጆንያ ውሃ ጠብ ያለበት ልብስ ይመስላል፤ ገዢው ፎቶ ላከልን። አሥራ ሰባት ጆንያ ሻግቷል። ከዋጋው ተቀነሰ።

ወኪሉን በጣም ነው የረገምኩት። ግን ጥፋቱ ሁሉ የሱ አይደለም። መጣጭ ከረጢቶቹን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ያዘዝኩትም የሦስት ቀን ባሕር አስቤ ነው። የአባቴን ምክር ደብተር ላይ ጽፌ ሒሳብ ስሠራ ረሳሁት። አሁን ለአንድ ወር የሚበቃ ነው የማስሰቅለው። አለቃዬ ስለ ወጪው ሲያጉረመርም ያችን ፎቶ አሳየዋለሁ፣ ዝም ይላል።

የዚያን ሰሞን የአጎቴ ልጅ ሮተርዳም ወደብ ላይ እንደሚሠራ ትዝ አለኝና ደወልኩለት። ይሄንን ጉድ ስነግረው ሳቀ። የሱ ሥራ ሹፌር የሌላቸውን ተሳቢዎች መርከብ ውስጥ ማስገባት ነው። ሹፌሩ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ተሳቢውን ግቢው ውስጥ ፈትቶ ይሄዳል። የአጎቴ ልጅ ወንበሯ ወደ ኋላ በምትዞር አጭር ጎታች መኪና ተሳቢውን ከፊቱ ብድግ ያደርግና በመርከቡ ጀርባ በተዘረጋው ድልድይ ይዞት ይገባል። ውስጡ ባለብዙ ፎቅ ጋራዥ በሉት። ተሳቢው ከፊቱ የብረት ፈረስ ላይ ይደገፋል፣ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ጎታቿ ወጥታ ሌላ ታመጣለች። ማታ ይነሳል፣ ጠዋት እንግሊዝ፣ ሃል ወደብ። እዚያ ሌላ ሹፌር መጥቶ ይወስደዋል። ክሬን የለም።

«ስንት ቀን ይቆማል?» አልኩት።

«ቀን?» አለኝ። «እታለም፣ እዚህ በሰዓት ነው የሚቆጠረው።»

ዘጋሁበት ማለት ይቻላል።

እሱ እንደነገረኝ እዚያ አጭሩን የባሕር ጉዞ የሚያሳድገውም የሚገድለውም አንዳንዴ ወረቀት ነው። የአየርላንድ መኪኖች ፈረንሳይ ለመድረስ እንግሊዝን በመሬት ያቋርጡ ነበር፤ መርከብ፣ ከዚያ አስፋልት፣ ከዚያ እንደገና መርከብ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ ስትወጣ የጉምሩክ ወረቀት በዛ። በጃንዋሪ 2021 ከአየርላንዷ ሮስሌር ቀጥታ ፈረንሳይ ዳንከርክ የሚሄድ መስመር ተከፈተ። አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል፤ በመሬቱ ይፈጥን ነበር፣ ግን ሹፌሩ ኬላ ላይ ፎርም ከሚሞላ መርከብ ላይ ተኝቶ ቢሄድ መረጠ። የአሜሪካው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው የሚጭን መርከብ እዚያው የተሠራ፣ የዜጋ ንብረት የሆነና በአብዛኛው በዜጋ የሚነዳ መሆን አለበት የሚል እ.ኤ.አ. የ1920 ሕግ አላቸው። መርከቡ ይወደዳል። ያን የሚያህል የባሕር ዳርቻ ይዘው ኮንቴይነሩ የሚሄደው በመኪናና በባቡር ነው፤ መርከቡ የቀረው እንደ ሃዋይ፣ አላስካና ፖርቶ ሪኮ ላሉት ነው።

የሚገርመው ኮንቴይነር ራሱ የተወለደው እዚያ፣ ለዚያ ለአጭሩ የባሕር ጉዞ መሆኑ ነው። ይሄን ያነበብኩ ቀን ሥራዬን ትቼ ፈረንጅ አራዳ አባቴ ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ስማ። ማልኮም ማክሊን የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ከሰሜን ካሮላይና።»

«እሺ።»

«በፈረንጅ 1937 ጥጥ ጭኖ ኒው ጀርሲ፣ ሆቦከን ወደብ ሄደ። ወረፋ። ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰዎች ጥጡን አንድ በአንድ እያወረዱ፣ አንድ በአንድ መርከብ ላይ ሲጭኑ ያያል። ለምን ተሳቢዬን እንዳለ አያነሱትም አለ።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። «ልክ ነዋ!» አለ፣ ትናንት አብሮት ቆሞ የነበረ ይመስል።

ማክሊን ሐሳቡን ይዞ ወዲያው አልሮጠም። መጀመሪያ የጭነት ድርጅቱን አሳደገ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የምሥራቁ ጠረፍ አውራ ጎዳና በመኪና ሲጨናነቅ፣ በየክፍለ ግዛቱ ያለው የክብደት ገደብ ሲያማርረው ነው ወደ ባሕር የዞረው። ድርጅቱን ሸጦ መርከብ ገዛ። ተሳቢዎቹን ከነጎማቸው ጭኖ በጠረፉ ለጠረፍ ለመላክ ነበር ያቀደው። ከዚያ ሲያሰላ ጎማውና ከሥሩ ያለው ባዶ አየር የመርከቡን ቦታ ይበላል። ስለዚህ ጎማውን ትቶ ሣጥኑን ብቻ ወሰደ፤ ሣጥን ደግሞ ይደራረባል። ኤፕሪል 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለች አሮጌ የነዳጅ መርከብ 58 ሣጥን ጀርባዋ ላይ ጭና ከኒውዋርክ ሂውስተን ሄደች። በሰው ጉልበት አንድ ቶን መርከብ ላይ ለመጫን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ይፈጅ ነበር፤ በሷ 16 ሳንቲም አልሞላም።

«እኔም እኮ አሰብ ላይ አስቤው ነበር» አለ አባቴ። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምን የማስብ ይመስልሻል?»

እናቴ ከጓዳ፣ «ካርታ ስትጫወት ነበር!»

ከዚያ ወዲህ አባቴ አንድ ጥያቄ ይዟል። መኪናው ከነቡናው ጅቡቲ መርከብ ውስጥ ገብቶ ጅዳ ላይ በራሱ ጎማ ለምን አይወጣም? ጥያቄው የዋህ አይደለም። ቀይ ባሕርን መኪና ከነጭነቱ ያቋርጠዋል፤ ከሳዑዲዋ ዱባ ግብፅ ሳፋጋ የሚመላለሱ መርከቦች ከባድ መኪና ይጭናሉ። ለኛ የማይሆንበትን ምክንያት ለማስረዳት ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ መርከብ የሚያዋጣው በሁለቱም በኩል ሞልቶ፣ በየቀኑ ሲመላለስ ነው። ሁለተኛ፣ እኛ አገር ተሳቢ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉ መኪና ኋላ በዘንግ የሚጎተተውን ነው፤ የአጎቴ ልጅ ብድግ የሚያደርገው ግን የፊት ጎማ የሌለውን፣ ጎታቹ ጀርባ ላይ የሚያርፈውን ነው። እዚህ ላይ ሙያው ስለሆነ ወዲያው ገባው። «ልክ ነሽ፤ የኔን ወደ ኋላ ይዞ መርከብ የሚገባ ሹፌር አልተወለደም።»

ሦስተኛውን ስነግረው ዝም አለ። በፌብሩዋሪ 2006 አል ሰላም ቦካቾ 98 የተባለች መርከብ ከዚያችው ከዱባ ሳፋጋ ስትሄድ መኪኖቹ ያሉበት ወለል ላይ እሳት ተነሳ። ለማጥፋት የተረጨው ውሃ አልወጣም። ያ ወለል ክፍልፋይ የሌለው ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሲሮጥ መርከቧን ይዟት ይዘነብላል። ገለበጣት። ከ1,000 ሰው በላይ አለቀ። ትሪ ላይ ውሃ ይዞ የሄደ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጥቂት ውሃ እንኳ ወደ አንድ ጥግ ካጋደለ መመለሻ የለውም።

«ጎማውን መተዉ ጥሩ ነው» አለ አባቴ ቆይቶ።

እዚህ ላይ ቢሮ ውስጥ የማልናገራትን አንድ ነገር ላስገባ። የአገራችን የመርከብ ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው፣ «ጊቤ» የምትባል መርከብ ነበረችው። ያ በየጉዞው ቁልቁል ወርደን የምንሻገረው ወንዝ! ጅቡቲ የሄድኩ ጊዜ በዓይኔ ስፈልጋት ነበር። አላየኋትም። ባገኛት ፎቶ ተነስቼ ለአባቴ ልወስድለት ነበር፤ ብሬኩ ግሎ ስንት ሌሊት ያደረበት ቁልቁለት በሱ ስም ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ቢያይ ደስ ይለዋል ብዬ።

የዚህ ወር ገጽ ይኸው። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ሄደ፦ 1። ብጠራና ለቀማ፣ ቆመ፦ 8 (ይሄን አባቴ አይቆጥረውም፣ «እሱ ሥራ ነው» ይላል)። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ሄደ፦ 3። ትናንት ማታ ትራንዚተራችን «ተጭናለች» ብሎ የማሸጊያውን ፎቶ ላከልኝ። ቁጥሩን ከኔ ፎቶ ጋር አስተያየሁት፣ ያው ነው።

ጠዋት ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። መነጽሩን አድርጎ የግራውን ዓምድ ዘለለው፣ ጣቱን በቀኙ ላይ አሳረፈ።

«ወደብ ላይ ስንት ቆመች?»

«ስድስት።»

«ከኔ በአምስት ታንሳለች» አለና ደብተሩን መለሰልኝ።